ዕዳው የማን ነው? ከ«ትምህርት ግብር» እስከ «ወጪ መጋራት»

በጊፋታ ሰሞን ወላይታ ውስጥ የከፋው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲዋጣ የከረመው ገንዘብ በሬ ሆኖ ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ እናቶች ሲያጠራቅሙት የቆዩት ቅቤ ይወጣል፤ ወደ አዲስ አበባውም ወደ ሐዋሳውም ለእንጀራ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ባለፈው ጊፋታ ሻንቶ፣ ከታላቅ ወንድሜ ቤት ስደርስ ያገኘሁት ፊት ግን የበዓል ፊት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ሁለተኛ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፋለች። ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለዘነጋ አንባቢ ላስታውስ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርስቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢልም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ አሥር አልሞላም። ስለዚህ ከሻንቶ የአንድ ገበሬ ልጅ ይህን በር አለፈች ሲባል እልልታ ይጠበቃል። እልልታውማ ነበር። አባትየው ግን ዝም ብሏል።

ማታ ከእሳቱ ዳር ብቻችንን ስንቀር ምክንያቱን ነገረኝ። ከጎረቤት አንድ ልጅ አለ። ከአራት ዓመት በፊት ከዩኒቨርስቲ ተመርቆ መጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበለት። በእጁ የያዘው ወረቀት ግን ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የተጋራውን ወጪ መክፈል አለበት። ለመክፈል ሥራ ያስፈልገዋል። ያንኳኳቸው ቀጣሪዎች ደግሞ ዋናውን ወረቀት ካላየን አሉት። እነሆ ልጁ ዛሬ የአባቱን ጎደሬ ይኮተኩታል።

«ተመልከት» አለኝ ወንድሜ። «በነጻ አስተምራለሁ ብሎ ወሰደው፤ ዕዳ አሸክሞ መለሰው። እሱስ ወንድ ልጅ ነው፣ ሄዶም ይሠራል። እኔ ሴት ልጄን በማላውቀው ዕዳ አላስይዛትም።»

ለወንድሜ የታየው መንገድ ሁለት ብቻ ነበር። ወይ ካለችው ጠባብ ማሳ ከፊሉን በኮንትራት ሰጥቶ ክፍያውን አስቀድሞ መዝጋት፣ ወይም ልጅቱን ማስቀረት። ወላይታ መሬት የጠበበበት፣ ሕዝብ የተጨናነቀበት አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚያች ማሳ ላይ ከፊሉ ሄደ ማለት የእንሰቱና የቦዬው ጓሮ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የመጀመሪያውን መንገድ ሊመክርበት የመሬት ይዞታ ደብተሩን ፍለጋ የቆርቆሮውን ሣጥን ከፈተ። የአባታችንን ወረቀቶች፣ የአያታችንንም ሳይቀር የያዘው ሣጥን ነው።

ከደብተሩ ሥር ያረጁ የግብር ደረሰኞች ወጡ። አንዱን በኩራዙ አስጠግቼ አነበብኩት። የ1950ዎቹ ነው። የመሬት ግብር ይላል፤ አሥራት ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ «ትምህርት» ይላል። ሣንቲሙ ደብዝዟል፤ ቃሉ ግን ይነበባል።

አያቴ ፊደል አይለይም ነበር። ከልጆቹ አንዱም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዓመት ዓመት ግን ለትምህርት ከፍሏል። ለማን ትምህርት?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኛ «ነጻ ትምህርት» እያልን የምንጠራው ነገር መቼም ነጻ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ የሚከፍል ሰው ነበረ። ጥያቄው ማን ከፈለ፣ በምላሹስ ምን ተጠየቀ የሚለው ነው። የወጪ መጋራቱን ውል ለመረዳትም ከዚያ መነሳት ይሻላል።

ቆሎና ዙፋን

በአገራችን የመጀመሪያው የትምህርት ወጪ ሸፋኝ መንደሩ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻውን ጩኸት በበትሩ እየመከተ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ እፍኝ ቆሎ ወይም ቁራሽ እንጀራ ታወጣለች። የምትሰጠው ለማታውቀው ልጅ ነው፤ ምናልባትም ከሁለት አገር ማዶ ለመጣ። ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው ሁሉ የተማረው በዚህ ቁራሽ ነው። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። የሚከፈለው ልጁ ካህን ወይም መምህር ሲሆን ነው፤ ያውም ለሰጠችው ሴት ሳይሆን እግሩ ላደረሰው ደብር። ወላይታን በመሰለው አገር ደግሞ ሚሲዮኖች በመጡ ጊዜ (ሶዶ ላይ ከ1920 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ነው) ፊደሉን ያስቆጠረው ከባሕር ማዶ የሚላክ የምእመናን መዋጮ ነበር።

ዘመናዊ የሚባለው ትምህርት ሲመጣ ከፋዩ ተለወጠ። የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ መሞት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ያን ሕፃን ይዞት ሄደ። ያሳደገውና ያስተማረው የመኮንኖች ደመወዝ ነው። ለዚህም ነው ሐኪም ሆኖ ሲወጣ የሁለት መኮንኖችን ስም ተሸክሞ «ቻርልስ ማርቲን» የተባለው። ላስተማረው ሰው የከፈለው የመጀመሪያ ክፍያ ስሙ ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በሕክምናም፣ በአስተዳደርም፣ በዲፕሎማሲም አገልግሏል።

ከአድዋ በኋላ ወጪውን የያዘው ዙፋኑ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ አሜሪካ የተላኩት ወጣቶች የንጉሡ ልጆች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ሰነድ ባይፈርሙም ውለታው የታወቀ ነው፤ ተመልሶ ማገልገልና መታመን። ከእነዚህ አንዱ መላኩ በያን ነው። በአሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርስቲ ሕክምና ተምሮ፣ ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን በዚያው በአሜሪካ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያሳውቅ ሕይወቱ አልፏል።

የገበሬው ሣንቲም

እንግዲህ ወደ አያቴ ደረሰኝ መጣን። ከጣሊያን መባረር በኋላ መንግሥት በየአውራጃው ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲነሳ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 የትምህርት ግብር የሚባል በገጠር መሬት ላይ ተጣለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የየጠቅላይ ግዛቱ ገንዘብ ለየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት እንዲውል ነበር። መሬት ያለው ገበሬ በስሙ ከፈለ። ጭሰኛው ደግሞ በባለ መሬቱ በኩል፣ ብዙ ጊዜም ከድርሻው በላይ፣ ከፈለ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉስየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ለተማሪው ትምህርቱ ነጻ፣ መኝታው ነጻ፣ ምግቡ ነጻ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲሆኑ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለግቢው ሰጡ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ነው። ስጦታው በየአጋጣሚው ሲወሳ ኖሯል። የገበሬው ሣንቲም ግን ሐውልት አልቆመለትም።

በዚያ ግቢ ውስጥ ከሻንቶ አካባቢ የሄደ የገበሬ ልጅ ማግኘት ይቻል ነበርን? በጥቂቱ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አንደኛ ደረጃው በእግር የቀን መንገድ፣ ሁለተኛ ደረጃው አውራጃ ከተማ በሆነበት ዘመን ወደዚያ መድረስ ለብዙኃኑ የማይታሰብ ነበር። ነጻ የነበረው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከሥር ያሉት ደረጃዎች ዋጋ ያስከፍሉ ነበር፤ የቤት ኪራይ፣ ስንቅ፣ ከእርሻ የጎደለ ጉልበት። ስለዚህ መሰላሉን የወጣው በአብዛኛው ከተማ የነበረው ነው። ለመሰላሉ የከፈለው ደግሞ ገጠር ነበር።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አልሳቱትም ብዬ አምናለሁ። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ነጻ ምግብ የሚበሉ፣ ነጻ አልጋ የሚያድሩ ወጣቶች ነበሩ። ስለዚያ ሰልፍ ብዙ ተጽፏል፤ ርዕዮተ ዓለሙ፣ የፖለቲካው ግለት፣ የመሪዎቹ ማንነት ተተንትኗል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፈኞቹ የምሳቸውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ያወቁ ሰዎች ይመስሉኛል። የበሉት ዕዳ ሆኖ ታይቷቸው ነበር።

በዚያው የትምህርት ዘመን ዩኒቨርስቲው ራሱ ዕዳውን በስሙ ጠራው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተቋቁሞ ተማሪው ዲግሪውን ከመውሰዱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማሩ። ብዙ የዚያ ዘመን የጠቅላይ ግዛት ተማሪ ሒሳብና እንግሊዝኛ የተማረው በእነዚህ ወጣቶች ነው። ልብ በሉ፤ ክፍያው በብር አልነበረም፣ በዕድሜ ነበር። ገበሬው የከፈለው ሣንቲም ለአንድ ዓመት ያህል መምህር ሆኖ ወደ ገጠር ተመለሰለት። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ከፋዩና ተቀባዩ ፊት ለፊት የተያዩበት ዘመን ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። በዚያው ዓመት መሬት የሕዝብ ሆነ። በደርግ ዘመንም ዩኒቨርስቲ የገባ ሰው ነጻ ተማረ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ ተላኩ። ይሁን እንጂ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርስቲዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሩ ነጻ ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ከመቶ ሺዎች መካከል ጥቂት ሺህ ይገባል፤ የቀረው በውጭ ቆሞ ለገባው ይከፍላል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሒሳብ ለወጠው። መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ተጠቃሚው እንዲጋራ ይደረጋል አለ። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መስፋፋት ሲጀምሩ፣ ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አንስቶ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 መሠረት ወጪ መጋራት በሥራ ላይ ዋለ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 154 ወጣ። በተማሪው ቋንቋ «ኮስት ሼሪንግ» የሚባለው ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ ሥራ ጀመረ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በሩ ሲሰፋ ዋጋ ተጻፈበት ማለት ነው።

አሠራሩን ለወንድሜ እንዳስረዳሁት ላስረዳ። ተማሪው የሚጋራው ሦስት ነገር ነው፤ የምግቡን ሙሉ ወጪ፣ የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15። የቀረውን የማስተማሪያ ወጪ፣ ማለትም ትልቁን ድርሻ፣ መንግሥት ይሸፍናል። ተማሪው ሲገባ ምንም ገንዘብ አይቆጥርም፤ በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ግቢ ውስጥ የማይመገብ ተማሪ፣ «ኖን ካፌ» የሚሉት፣ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ ሒሳቡ ግን ያው በስሙ ይመዘገባል። መክፈል የሚችል ወላጅ አስቀድሞ ቢከፍል ቅናሽ ያገኛል። የማይችለው ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እጁ እየተቆረጠ ይከፈላል። ቆራጩ አሠሪው ነው፤ ገቢ የሚያደርገውም ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት። ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ተመራቂ 600 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው። መምህር ለመሆን የሠለጠነ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በማስተማር አገልግሎት መክፈል ይችላል። አስተውሉ፤ ያ የ1957ቱ ሐሳብ በዚህች ቀዳዳ ተመልሶ ገብቷል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ብቻ ጠየቀኝ። «ሥራ ካጣችስ? ማሳዬን ይወስዳሉ?»

አይወስዱም። ውሉ የሚይዘው ተማሪዋን ነው። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለዕዳ አይሸጥም። ዕዳውም የአራጣ ዓይነት አይደለም፤ ከገቢ ላይ የሚቆረጥ ነውና ገቢ ከሌለ የሚቆረጥ የለም። ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው፣ ተመራቂው ገቢው የተወሰነ መጠን ሲደርስ ብቻ በግብር በኩል የሚከፍልበት ሥርዓት ዘመዱ ነው። የአሜሪካው መንገድ ከዚህ ይለያል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 በተማሩበት በቴክሳሱ ኮሌጅ ተገኝተው የከፍተኛ ትምህርቱን ሕግ ሲፈርሙ ለድሃው ልጅ እርዳታም ብድርም እንዲቀርብ ነበር። ብድሩ ግን ወለድ አለው፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ወለዱ ብዙዎችን እስከ ሽምግልና ሲከተላቸው ይታያል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆች ኮሌጅ ሲደርሱ ወላጆች ከወረቀት ጋር የሚታገሉት ለዚህ ነው። የትኛው የማይመለስ እርዳታ፣ የትኛው የሚመለስ ብድር እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል።

እንግዲህ የእኛ ውል በሐሳብ ደረጃ ለዘብ ያለ ነው። ታዲያ የጎረቤታችን ልጅ ለምን ጎደሬ ይኮተኩታል?

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ደንቡ «ከደመወዝህ ትከፍላለህ» ይላል። የተለመደው አሠራር ደግሞ ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕት እስክትከፍል በመያዣነት ይይዛል። የአንድን ሰው ማረሻ ይዞ «አርሰህ ክፈለኝ» እንደማለት ነው። ሥራ ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ከውጭ የሚላክለት ልጅ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ወረቀቱን ይወስዳል። የሌለው ይቀራል። ስለዚህ ድሃውን ለማስገባት የተበጀው ሥርዓት ድሃውን መውጫው ላይ ይይዘዋል። መንግሥት ገንዘቡን ማስመለስ እንዳለበት አልክድም፤ ካልተመለሰ ከፋዩ ያው የሻንቶ ገበሬ ነው፣ እንደ አያቴ። ግን ለማስመለስ መጀመሪያ ሰውዬው ሥራ መግባት አለበት።

የሒሳቡም መጠን እየተለወጠ ነው። ለዓመታት የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በ15 ብር ሲተመን ቆይቶ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ተደርጓል። ለተማሪው ሆድ መልካም ዜና ነው፤ በ15 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት ምን ዓይነት ወጥ እንደሚያስገኝ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ምግቡ ሙሉ በሙሉ ተማሪው ከሚጋራው ወጪ ውስጥ ነውና ዛሬ የምትፈርመው ልጅ ሒሳብ የጎረቤታችን ልጅ ከፈረመው እጅግ ይበልጣል። በተጨማሪም የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል ጀምሯል። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ማየት አያስቸግርም።

ሌሎቹ በሮች

ዩኒቨርስቲ የማይገባው ብዙኃኑ ምን ያድርግ? ይህን ከሩቅ ሆኜ አልናገርም፤ እኔም የዚያ ወገን ነኝ። ከሻንቶ የወጣሁት በ13 ዓመቴ የሊስትሮ ሣጥን ይዤ ነው፤ የወላይታ ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ የመጀመሪያ መታወቂያው ይህ ሣጥን ነው። ቀን ጫማ እየጠረግሁ ማታ ተምሬ 12ኛን ጨረስኩ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን የተማርኩት በአንድ የግል ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። የእኔ «ወጪ መጋራት» ዕቁብ ነበር። አሥራ ሁለት ሊስትሮዎች በየሳምንቱ እንጥላለን፤ የደረሰው የኮሌጅ ክፍያውን ይከፍላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ወር ሲዘል ከፈተና ክፍል አስወጡኝ። ዕጣው ደርሶት የነበረ ጓደኛዬ ለራሱ ክፍያ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሰጠኝ፤ እሱ ያን መንፈቅ ሳይመዘገብ ቀረ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ገንዘቡን መልሼለታለሁ፤ መንፈቁን ግን በምን እመልስለታለሁ?

ለማንኛውም በሮቹን ልቁጠራቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ ክፍያቸው ከግሉ ያነሰ፣ ሙያው ቶሎ ወደ ገቢ የሚያደርስ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ። የግል ኮሌጆች አሉ፤ እነዚህ ጋ ከመመዝገብ አስቀድሞ ዕውቅናቸውን መጠየቅ፣ የወር ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የምዝገባውን፣ የፈተናውን፣ የምረቃውን ጠቅላላ ድምር በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ነጥብ የጎደለው ደግሞ መንግሥት ሲፈቅድ በማካካሻ፣ «ሪሚዲያል» በሚሉት፣ ተምሮ ተፈትኖ ሊገባ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ግን ያው ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የአጎት ኪስ፣ የእናት ቅቤ ነው። እነዚህን በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አታገኟቸውም።

ወደ ሣጥኑ

ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጣ ሰፈር ለምን ለተማሪ አያዋጣም? ይህን ሐሳብ በበዓሉ ማግሥት ለሽማግሌዎቹ አነሳሁላቸው። አንዱ አዛውንት ሳቁና «በሬውን ሁላችን እንበላዋለን፤ ዲግሪውን ማን ይበላዋል?» አሉ። ከሳቁ በኋላ ጥቂት ዝም ተባለ። አዛውንቱ ሳያውቁት የትምህርት ግብርን ታሪክ በሙሉ ተናግረዋል። ሰው የሚከፍለው ሲመለስለት ካየ ነው።

ወንድሜን ያሳመነው ግን የእኔ ማብራሪያ አልነበረም። ልጅቱ ናት። ስንከራከር በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ኖሮ «አጎቴ፣ ወረቀቱን ቢይዙብኝ ይያዙት፤ የተማርኩትንስ ከጭንቅላቴ ያወጡታል?» አለች። አባትየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ደብተሩን ወደ ሣጥኑ መለሰው። ማሳውን በኮንትራት አልሰጠም፤ ልጅቱንም አላስቀረም። አንድ ነገር ብቻ አዘዛት፤ የምትፈርመውን እያንዳንዱን ወረቀት ቅጂ እንድትልክለት።

ኅዳር ላይ ደወለችልኝ። ፈርማለች። ከመፈረሟ በፊት ምግቡ ስንት፣ መኝታው ስንት፣ ትምህርቱ ስንት እንደሆነ ለይተው እንዲያሳዩአት ጠይቃ፣ ሰልፉ ኋላዋ እያጉረመረመ አንብባ ነው የፈረመችው። የመምህርነት መስክ ትመርጥ እንደሆነ ጠየቅኳት። ገና አልወሰነችም። አገልግሎቱ ዕዳ ስለሚያስቀር ብቻ መምህር መሆን ለተማሪዎቹ ደግ አይደለም አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅጂው ሻንቶ ደርሷል። ወንድሜ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ፣ ከአያታችን ደረሰኝ ጋር አስቀምጦታል። አንደኛው ከፍሎ ያልተማረ ሰው ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው ተምራ ልትከፍል የፈረመች ልጅ። ማንም ሒሳብ አዋቂ ሁለቱን አስተያይቶ አያቻችላቸውም፤ ቢያቻችላቸው ግን ባለ ዕዳው ማን ሆኖ ይገኝ ነበር?

የጎረቤታችን ልጅ እስከዚያው ጎደሬውን ይኮተኩታል። ዲግሪው ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ ተቀምጦ ለልጁም፣ ለመንግሥትም፣ ለከፈለው ገበሬም አንዲት ሣንቲም አያስገባም።